እግሩ መሬት እንዲነካ

— ሄሎ… ሄሎ፣ ዘኪያ ቪዲዮ ነው፣ ማን ልበል?… አይሰማም፣ ጮክ በል!… የሰርግ ቪዲዮ ከሆነ አልደረሰም ብያለሁ። ኮምፒውተሩ በናንተ ቁጣ አይሠራም፣ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራቱ ደግሞ ገና አሁን መጣ… ማን?… ማን አልክ?

— መንሱር?… ኧረ በአላህ! ወዓለይኩም ሰላም፣ ወዓለይኩም ሰላም። የማን ስልክ ነው ደግሞ ይሄ?… የዚያ የአላማጣው ልጅ? እሱስ ደህና ነው?… እሺ፣ ካርዱን ሳንጨርስበት ቶሎ ቶሎ እናውራ።

— ሄኖክ፣ ያን ዘፈን ዝጋው!… ዝጋው አልኩህ፣ የአክስቴ ልጅ ነው ከየመን።… አዎ መንሱር። ቀስ በል ደግሞ አንተ፣ «ከሳውዲ» በል፣ ሰው ቢገባስ!

— አይ አንተን አይደለም፣ ሄኖክን ነው። ካሜራ ማኑን።… ያውቃል፣ ነግሬሃለሁ እኮ። ሳይነግሩት እንዴት እግሩን ያበድራል?… አዎ፣ ስለሱ ነው የምነግርህ። የሄኖክ እግር አልሆነም።

— አልሆነም ነው የምልህ።… አይ፣ በኔ ስህተት አይደለም፣ እኔማ ወላሂ ዓይኔ እስኪጠፋ ነው የሠራሁት። እናትህ ናት። ትናንት መጥታ… ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ እንደሁ ስነግርህ ግማሹን ነው የምትሰማኝ፣ ግማሹን ታዝናለህ።

— የጀዊሪያ ሰርግ ዕለት እናትህ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ?… ማን ይነግርሃል። ሙሽራ ስትወጣ ወንድሟ በሩ ላይ መቆም የለበትም?… እና! እናትህ ከበሩ በስተቀኝ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ባዶ አስቀርታ፣ ክንዷን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። «እዚህ ጋ ማንም እንዳይቆም፣ የመንሱር ነው፣ ዘኪያ በኋላ ታስገባዋለች» እያለች። ሕዝቡ ይገፋል፣ እሷ በክንዷ ትመልሳለች። አጎትህ እንኳ እግሩን አስገባ ሲያደርግ በክርኗ ነው ያባረረችው። ሁሉም ቪዲዮው ላይ አለ። እልልታው፣ ግፊያው፣ አቧራው፣ መሃል ላይ ደግሞ ያቺ ባዶ ቦታ።

— … አዎ። አንተን ነው የምትጠብቀው።

— እኔ መጀመሪያ ያን ጉርድ ፎቶህን በጽጌረዳ ከብቤ ጥግ ላይ አስቀመጥኩልህ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያሠራው። ሳውዲ ያለ ወንድም፣ ቤይሩት ያለች እህት፣ ጥግ ላይ በአበባ። ልብ የሚመስልም አለኝ፣ ኮከብም አለኝ። እናትህ አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ምን አለች መሰለህ? «እኔ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ልጅ አልወለድኩም።»

— … ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… አውፍ በለኝ፣ ባልነግርህ ይሻል ነበር። እሷ ምን ታውቃለች ብለህ ነው። አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው።

— «ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አቁሚልኝ» አለችኝ። ዋጃ ያሉት የጀዊሪያ አማቶች ምን እንዳሉ ሰምታለች። «ወንድም አላት ይሉናል፣ ያላት ግን አንገት ብቻ ነው» ብለው ስቀዋል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ዘመድ ሰብስበው ቪዲዮውን ሊያዩ ነው፣ ጀዊሪያን መሃላቸው አስቀምጠው።… አዎ፣ አንተ ታውቃቸዋለህ። ስቀው አይበቃቸውም፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያነሱባት ነው የሚኖሩት።

— እኔ ደግሞ ካንተ ያለኝ ሁሉ ከወገብ በላይ ነው። የሆስፒታሉን ግድግዳ አጥፍቼ ፎቅና ዘንባባ ያደረግኩልህ፣ ከወገብ በላይ። እናትህ በፍሬም አድርጋ ሳሎን የሰቀለችው እሱን ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ሳውዲ ተመቸው» እያለ የሚያየው። የመስጊዱም ከወገብ በላይ። ያንተን ሙሉ ቁመት ፍለጋ ፌስቡክህን ገባሁ፣ የድሮ ስልክህን ሜሞሪ ፈተሽኩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ፍየል ነጋዴን ማን ቁመቱን ፎቶ ያነሳዋል? ፍየሎቹ ሁሉም ከነእግራቸው አሉ፣ አንተ የለህም።

— የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ሄኖክን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አቁሜ አነሳሁት። ከወገብ በታች ሄኖክ፣ ከወገብ በላይ መንሱር። ቀበቶው ላይ ገጣጠምኳችሁ፣ ስፌቱን ወላሂ ልብስ ሰፊ አያገኘውም። መልክህን ከሰርጉ ጸሐይ ጋር አመሳሰልኩት። እናትህ በጠበቀችልህ ቦታ አቆምኩህ። ጥላው ነው ትንሽ ያስቸገረኝ፤ የሕዝቡ ጥላ ወደ ግራ፣ ያንተ ወደ ቀኝ። እሱንም አዞርኩት።

— ትናንት አሳየኋት። እኔ አሁን ያለሁበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ተነስታ እስክሪኑ ጋ ተጠጋችና በመዳፏ ፊትህን ሸፈነችው።… አዎ። ፊትህን ሸፍና እግሩን ብቻ አየች። አየች፣ አየች… «ይሄ ልጄ አይደለም» አለች።

— እኔ ምን ልበል? «አንቺ ደግሞ አክስቴ፣ እዚያ አገር ሱሪያቸው ሰፊ ሆኖ ነው» አልኳት። ሄኖክ ጓዳ ገብቶ ተደበቀ፣ እግሩን የምትቀማው መስሎት!… ሳቅ እንጂ። አንድ ቀን እንኳ ሳቅ፣ በአላህ።

— እሱስ ሳቅ አይደለም፣ አውቃለሁ።

— «ልጄ እንደ ባንዲራ እንጨት አይገተርም» አለችኝ። «መንሱር በግራ እግሩ ነው የሚቆመው። ቀኙን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ዱላውን ብብቱ ስር። ጎብዬ ገበያ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው የሚውለው። ይሄ የሰው እግር ነው፣ አንሺልኝ።» ብላኝ ወጣች። ዛሬ ከሰዓት ተመልሳ ልትመጣ ነው።

— … ምን አልክ?… «አውጪኝ»? ከቪዲዮው?… አንተን አውጥቼ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምን ላስገባ? እናትህ ክንዷን እንደዘረጋች እኮ ነው ያለችው! «ማንን ነው የምትጠብቀው ይቺ ሴትዮ» አይሉም እነዚያ?

— ምን?… ምን አልክ አንተ?… «ሞተ በያት»?! አፍህን ያዝ!… አልሰማህም።… አይ፣ አልሰማህም ነው የምልህ! በረሃው ላይ መኪናው ሲገለበጥ አብረውህ የነበሩት አልቀው አንተን አላህ አተረፈህ። እግርህን ሰጥተህ ነፍስህን አስቀረህ። አሁን በአፍህ ልትገድላት ነው?

— ይቀላታል?… ማን ነው ይቀላታል ያለህ?… እ… እሱስ… ሰው ሲሞት ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ መርዶ ይነግራል። ድንኳን ይተከላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ጎረቤት እህል ውሃ ይዞ ይመጣል። ለእግር ማን ይሰበሰባል? «ልጅሽ አለ፣ እግሩ ግን የለም፣ መምጫም የለውም» ብሎ በማለዳ ማን በር ያንኳኳል? እኔ ነኝ? እኔ አልችልም። ስንት ጊዜ ከቤቷ በር ተመልሻለሁ መሰለህ። ደግሞ ደም ግፊቷ… አዎ፣ ባለፈው ረመዳን እንደወደቀችው።

— አውቃለሁ።… አውቃለሁ መንሱር። ወደ ሳውዲ በአንድ እግር አይሻገሩም። ወደዚህም በባሕሩ… አዎ፣ ደላላ ክራንች የያዘ ሰው አይጭንም። አሁን አብረውህ ያሉት ልጆችም ነገ ከነገ ወዲያ ትተውህ ይሄዳሉ። አውቃለሁ። የምነግርህ መጽናኛ የለኝም። ቢኖረኝ እደብቅህ ነበር? እኔ ያለኝ ይሄ የቪዲዮ ሶፍትዌር ብቻ ነው።

— አቤት ወንድሜ?… ጉርድ ፎቶ? ሄኖክ ያነሳሃል፣ ግባ። ኮቱ እዚያ ተሰቅሏል፣ ልበሰው።… ለፓስፖርት ነው?… አይ፣ ለምን ብዬ አይደለም፤ ጀርባው ነጭ እንዲሆን ነው።

— … አለሁ፣ አለሁ። ሌላ ልጅ ነው። ፎቶ ሊነሳ።… አዎ፣ እሱም ሊሄድ ነው መሰለኝ። ተወኝ፣ ለስንቱ ልናገር። አባቴ ስቱዲዮውን ሲይዝ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ ተስሎ ነበር፣ ታስታውሳለህ? የቆቦ ሰው ሁሉ ዓባይ ፏፏቴን ሳያይ ፊቱ ቆሞ ተነስቷል። ያኔ ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። አሁን እኔ…

— ቆይ። ቆይ ቆይ። የቀረልህ የትኛው ነው? ግራው ነው?… እኔ እንጃ፣ ጠይቄህ አላውቅም፣ እንዴት ይጠየቃል!… ግራው? እርግጠኛ… ምን ማለቴ ነው፣ እርግጠኛማ ነህ። መንሱር፣ እናትህ ምን አለች? «በግራ እግሩ ነው የሚቆመው።»

— እየቀለድኩ አይደለም! ስማኝ። ሽርጥ ነው የምታገለድመው አይደል?… በቃ። ክራንችህን ይዘህ ቁም፣ እንዳለህ። አንድ ፎቶ፣ ከራስህ እስከ እግርህ። ክራንቹን አጠፋዋለሁ፣ በቦታው ዱላ አደርግበታለሁ። ሽርጡ ላይ ከስሩ ጉልበት የታጠፈ የሚመስል እጥፋት እጨምርበታለሁ፣ እሱን ለኔ ተወው። ያየህ ሁሉ «መንሱር እንደ ልማዱ ቆሟል» ነው የሚለው። ያንተው እግር ነው፣ ያንተው አቋቋም ነው። ከሠራሁልህ ሁሉ ይሄ ነው ውሸቱ የሚያንሰው።

— … አትነሳም? ለምን?… ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን?… አዎ ገባኝ። እኔ ብቻ ነኝ የማየው፣ ካስፈለገ ሄኖክ።… ሀፍረት? የምን ሀፍረት! ከአንድ ትሪ እየተሻማን አይደል ያደግነው? አንተ ሥጋ ስትደብቅ አይቼ ለማንም ያልተናገርኩ ሰው ነኝ። ማንን ነው የምታፍረው?

— … እሺ።… እሺ፣ አልቅስና ተነሳ። እጠብቅሃለሁ።

— ወጣችሁ? ግድግዳ ላይ እንዳትደገፍ። ጸሐይዋ ካንተ በስተግራ ትሁን፣ ሰርጉ ላይ እንደዚያ ነው።… ያ ልጅ ከወገብ በላይ እንዳያነሳህ ንገረው፣ ለምዶበታል። ራቅ ይበልና ያንሳ። እግርህ ጋ ሲደርስ እንዳይቆርጥ— … እንዳይተው ማለቴ ነው። ምላሴን ዛሬ ምን ነካው።

— ሄኖክ፣ ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?… በስልክህ አገናኘኝ፣ በስልክህ። ልጁን ጨርሰህ ሸኘው።

— ላክኸው?… እየዞረ ነው። ክቡ እየዞረ ነው።… ገና ነው።… ደብዝዞ መጣ፣ ሰው መሆንህ ብቻ ነው የሚታየኝ።… አሁን ጠራ።

— …

— አለሁ።… አለሁ መንሱር፣ እያየሁት ነው።… አዎ አለቅሳለሁ፣ ምን አገባህ! በስልክ ስትነግረኝ ወሬ ነበር። አሁን ነው ያየሁት። እንደዚህ ከስተህ… ያ ትከሻህ የት ሄደ? ጢምህንስ ማን ነው እንደዚህ የቆረጠው፣ ጠላትህ ነው?

— ሄኖክ፣ ና እይ።… አይ ተወው፣ አትይ። በሩ ጋ ቁምልኝ። አክስቴ ከሰዓት ብላለች፣ የሷ ከሰዓት ግን አይታመንም።

— እሺ። ሥራ። አሁን ከግድግዳው እየለየሁህ ነው።… አዎ እያወራሁ እሠራለሁ፣ እጄ ያውቀዋል። ጸጉርህ አያስቸግርም፣ ተላጭተሃል። ጆሮህ… ትከሻህ… ሽርጡ ጥሩ ነው፣ ረዥም ነው። ክራንቹ ነው የሚያስቸግረው፣ ብብትህ ውስጥ ተወትፏል።… ቀስ… ጠፋ። ዱላውን ካጎትህ ነው የምሰርቅልህ፣ ከዚያው ቪዲዮ። ከፍ አድርጎ ይዞት የሚጨፍርበት ቦታ አለ።… አያውቅም፣ ምን ያውቃል! በክርን ለመመለሱ ካሳ ይሁነው።

— አሁን ሰርጉ ላይ ላስቀምጥህ።… ኧረ ግዙፍ ሆንክ፣ ከበሩ በላይ ወጣህ። ላሳንስህ።… ጎንህ ላይ የግድግዳው ኖራ ቀርቷል፣ እንደ መላእክት ታበራለህ። ላጥፋው።… አሁን ደግሞ ተንሳፈፍክ። ይሄ ነው የኛ ሥራ ጣጣው፤ ፊት ቀላል ነው፣ ልብስ ቀላል ነው፣ እግር ነው መሬት እምቢ የሚለው። በሄኖክ ጊዜ አንዱን ሳስነካ ሌላው ይነሳብኝ ነበር። ያንተ አንድ ነው፣ አያስቸግርም።… እንደሱ ማለቴ… አዎ፣ እንደሱ ማለቴ ነው።

— ወደ ታች… ትንሽ… ጥላውን ከስሩ ላንጥፍለት… ትንሽ ይደብዝዝ…

— ነካ።… መንሱር፣ ነካ! መሬት ነካህ! ወላሂ ቆመሃል። በሩ ላይ፣ እናትህ ክንድ ስር። አቧራው ባጠገብህ ያልፋል። ጀዊሪያ እየወጣች ነው… ዘወር አለች! በዚያ በኩል ሰው ጠርቷት ነበር መሰለኝ፣ አሁን ግን አንተን ነው የምታየው። ወላሂ አንተን ነው።

— … አንድ ነገር በል እንጂ።… «ጸጉሯ ተሠርቷል ወይ»? አዎ፣ ተሠርታ፣ ሂና ተቀብታ፣ ምን የመሰለች ሆና።… አዎ አለቀሰች። ሙሽራ አይደለች፣ ታልቅስ እንጂ።… «በውሸት ነው የቆምኩት» ትላለህ? አዎ በውሸት ነው። እውነቱ የት አቆመህ?

— አርብ ይለፍ፣ ከዚያ እንነግራታለን።… አዎ፣ ሰርጉ ይለፍም ብዬ ነበር። ረመዳን ይለፍም ብዬ ነበር። ታዲያ ምን ልበል ልጄ?

— ምን አልክ ሄኖክ?… መጣች?! አሁን?… ያ ረቢ! መንሱር፣ እናትህ መጣች። ትንፍሽ እንዳትል። ብትፈልግ ዝጋው፣ ብትፈልግ ስማት፣ ብቻ ትንፍሽ እንዳትል። ከአሁን ጀምሮ ደንበኛ ነህ።

— አክስቴ! ነይ ግቢ፣ ነይ።… ወዓለይኩም ሰላም። ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።… ዓይኔ? ከኮምፒውተሩ ነው፣ ሲያፈጡበት ይቀላል።… ደንበኛ ነው፣ ፎቶ ሊያሠራ። — ደንበኛ፣ መስመር ላይ ይቆዩኝ፣ እሺ? — አዎ አክስቴ፣ ደርሷል። ሌላ ፎቶ ላከልኝ፣ ዛሬ ነው የተነሳው። አዎ፣ ከራስ እስከ እግሩ። ተቀመጪ።… ቆመሽ? መርሀባ፣ ቆመሽ እይው። ሄኖክ፣ መጋረጃውን ሳብ አድርግላት፣ እንዳያንጸባርቅ።

— ይኸው። ለቀቅኩት።

— …

— በእጅሽ… ይሁን፣ ሸፍኚው። ፊቱን ሸፍኚና እይው።

— ደንበኛ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፣ ይሰማል።

— … እ? ምን አልሽ?… እሱ ነው?… እሱ ነው አልሽኝ? አልሐምዱሊላህ!… አዎ፣ በግራው። አዎ፣ ዱላውም ብብቱ ስር።… ሳሚው፣ ግድ የለም፣ ይጠረጋል።… ከሳ? ሥራ ነዋ አክስቴ፣ ሙቀቱስ። ጢሙን? እኔም ብያለሁ።… «የሰው አገር ሄዶ አቋቋሙን አልረሳም»… አዎ፣ አልረሳም።… አሚን። አሚን፣ አንቺንም ያቆይሽ። ኧረ እጄን አትሳሚ አክስቴ፣ በአላህ፣ ኃጢአት ታስገቢኛለሽ!

— ደንበኛ፣ ሰምተዋል? ፎቶው ተወዷል።… አይናገሩ። ይስሙ ብቻ።

— ልድገመው? እሺ፣ ከመጀመሪያው። ይኸው በሩ።… አዎ ወጣች።… አዎ፣ አየችው። ልብ አልሽ? እኔም ልቤን ነካኝ።… እነሱም ይዩት፣ አዎ፣ አፋቸውን ይያዙ። አሁን መኪናው ውስጥ ገባች። ሕዝቡም ተከትሎ… እዚህ ጋ ላብቃው?… እስከ መጨረሻው? ይሄ እኮ ትርፍ ነው አክስቴ። ሄኖክ ካሜራውን ሳይዘጋው ረስቶ ግቢው ባዶውን የተቀረጸ ነው፣ እቆርጠዋለሁ። ገና አልጨረስኩትም።… ልየው ነው? እሺ፣ እይው።

— … አዎ፣ ሁሉም ሄዱ።… አንቺም ሄድሽ፣ መኪናውን ተከትለሽ፣ ነጠላሽ ያቻት።… እሱ? እሱማ… እሱ አለ። ፎቶ ነው እኮ አክስቴ፣ ፎቶ አይሄድም። ጀርባው ነው የሚንቀሳቀሰው፣ እሱ ባለበት ነው።

— ምን አልሽኝ?

— … አይደክመውም ወይ?

— … አዎ። አስታውሳለሁ፣ ከገበያ ሲመጣ። በጨው ውሃ ታሺለት ነበር።… አዎ፣ ገበያው ሲበተን ያወርደው ነበር፣ ልክ ነሽ። ሰው ሁሉ ሲሄድ ብቻውን በአንድ እግሩ… አዎ፣ ያሳዝናል። እኔ አላሰብኩትም።… ምን ላድርግለት?… «አውርጂለት»? ቀኙን?

— አይ፣ አልችልም አላልኩም።… አዎ፣ የሰው እግር የምቀጥል ሰው… አዎ፣ ለኔ ምን ያቅተኛል።… ሕዝቡ ሲሄድ እሱም ቀኙን አውርዶ ትንሽ እንዲያርፍ። ገብቶኛል አክስቴ።… አርብ ይደርሳል።… እሺ። እሺ አልኩሽ፣ አታልቅሺ፣ አወርድለታለሁ።

— ሄሎ?… ደንበኛ?… ሄሎ፣ ይሰማሉ?… ሄሎ!… ትሰማኛለህ?… ሄሎ!

— … ዘግቶታል።

— ማንም አይደለም አክስቴ፣ ደንበኛው ነው።… አይ፣ አልተጣላንም።… መልሼ አልደውልለትም። የሰው ስልክ ነው።